ቬሎ ጠባቂዋ እትዬ ጤናዬ

አዲስ አበባ ውስጥ ሰርግ ያለ ኬክ ሊደገስ ይችላል። ያለ ቪዲዮ ሊያልፍ ይችላል። መኪናው መንገድ ላይ ከቀረ ደግሞ ያለ ሙሽራው ሊጀመር ይችላል። ያለ ቬሎ ጠባቂ የተደረገ ሰርግ ግን እስከ ዛሬ አልታየም።

እናንተም ታውቋታላችሁ። ማንም አልሾማትም፤ ጥሪ ካርዱ ላይ ስሟ የለም፤ ለሙሽራዋ ምኗ እንደሆነች በትክክል የሚያስረዳ ሰውም አይገኝም። ጠዋት ሙሽራዋ ከመኝታዋ ስትነሳ ግን እሷ ቀድማ ደርሳ ቬሎው የተሰቀለበት ቁም ሳጥን አጠገብ ቆማለች። ሰው ሁሉ የሙሽራዋን ፊት ሲያይ እሷ ዓይኗን የምትጥለው ጫፉ ላይ ነው፤ መሬት የሚነካው፣ በር የሚይዘው፣ ሰው የሚረግጠው ቦታ ላይ። እልል ሲባል አብራ አትልም፤ መርፌ ቁልፍ በጥርሷ ነክሳለች።

ሀና ማርያም ሰፈር ይህ ሥልጣን በክብርት ወይዘሮ ጤናዬ እጅ ነበር። ዘመኑ የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ሰፈሩ ገና ግማሹ እርሻ፣ ግማሹ ጅምር ቤት ነው፤ ጥቁሩ አፈር ዝናብ ሲነካው ከሰው እግር ላይ ጫማ ይነጥቃል። እንዲህ ባለ ሰፈር ነጭ ለብሶ ከቤት መውጣት ራሱን የቻለ ድፍረት ነው፤ እትዬ ጤናዬ የዚያ ድፍረት ጠቅላይ አዛዥ ነበሩ።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነበሩ። በየጠዋቱ ሰልፍ መካከል እየተዘዋወሩ የተማሪ ጥፍር ሲመለከቱ ነው የኖሩት፤ ጡረታውም ልማዱን አላስተዋቸውም። ሙሽራ ያለችበት ክፍል በር ላይ ይቆሙና የሚገባውን ሁሉ "እጅ!" ይላሉ። የሚገባው ሰው እጁን ዘርግቶ አንዴ መዳፉን፣ አንዴ ጀርባውን ያሳያል። አክስት ብትሆን፣ ፎቶ አንሺ ቢሆን፣ የቀበሌ ሊቀመንበር ቢሆን ለውጥ የለውም። በንቲ የሚባለው የሰፈራችን ልጅ ያገባ ቀን የገዛ ሚስቱን ሊያቅፍ ሲል "እጅ!" ተብሎ፣ ታጥቦ ሲመለስ ሳሙናው በደንብ ስላልለቀቀው ቀለበቱ ከጣቱ ሾልኮ ዳሱ ውስጥ ሲፈለግ ውሏል።

የአቶ ወጋየሁ ልጅ ስትዳርማ ከንጋት ጀምሮ ውሃ ከለከሏት። "ውሃ የሚጠጣ ሰው ያፈሳል" አሉ። ልጅቱ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐዩ ሲበረታ፣ ራሷን ስታ ወደቀች። ቤቱ በጩኸት ተሞላ። እትዬ ጤናዬ ግን ዓይኗ መቅበዝበዝ ሲጀምር አይተው ነጠላቸውን መሬት ላይ አንጥፈው ስለነበር ቬሎው ላይ አንዲት ነጥብ አላረፈችም። እስከ ዛሬ ያንን ሰርግ ሲያነሱ "በሰላም ያለፈ" ይሉታል።

አይሳሳቱም ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ ወይን የፈሰሰበት ቬሎ ላይ "ይመጠዋል" ብለው ዱቄት ነሰነሱበት። ዱቄቱ መጠጠ፤ ከዚያ ሊጥ ሆነ፤ ከዚያ ሮዝ ሊጥ ሆነ። ይህንን ጉዳይ በሳቸው ፊት የሚያነሳ ሰው ሰፈሩ ውስጥ የለም።

ዝማሬ እንግዲህ ያደገችው ከእኚህ ሴት ግቢ ጋር በአንድ አጥር ተያይዛ ነው። በልጅነቷ ትምህርት ቤት ጥፍሯን ሲያዩ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በአጥሩ በኩል ጆሮዋን ሲያዩ ነበር። ሰርጓ ሲቆረጥ ሌት ተቀን የጨነቃት ነገር ሌላ ስለነበር እሳቸውን አላሰበቻቸውም።

የጨነቃት አባቷ ናቸው። አቶ ግዛው የሀና ማርያም ደብር ሰበካ ጉባኤ አባል ናቸው፤ ልጃቸውን ዝማሬ ያሏትም በቤተ ክርስቲያናቸው ዜማ ነው። እሷ ግን ነርስነት ስትማር ከጓደኞቿ ጋር ወደ ጴንጤዎች አዳራሽ መሄድ ጀመረች፤ እዚያው ቀረች፤ እዚያው ኤልዳድን አገኘች። አባቷ አልጮኹም፣ አልረገሙም። ሽማግሌ በመጣ ጊዜ ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ "ድግሱን እደግሳለሁ፤ ልጄ ናት። እዚያ አዳራሽ ግን እግሬን አላነሳም" አሉ። እናቷ ማሚቴም "እሳቸውን ትቼ እንዴት እሄዳለሁ?" ብለው አለቀሱና ድስታቸው ዘንድ ተመለሱ።

በአዳራሹ ልማድ ሙሽራን አባት በክንዱ ይዞ ያስገባታል። ፓስተሩ "ማን ይዞሽ ይገባል?" ብለው ሲጠይቋት ዝማሬ "ብቻዬን እገባለሁ" ብላ ፈገግ አለች። ቤቷ ገብታ በሯን ከዘጋች በኋላ ነው ፈገግታው የጠፋው።

ሁለተኛው ጭንቀት ቬሎው ነው። የኤልዳድ ታላቅ እህት ሄርሜላ የተዳረችበት ነው፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከላት፣ ትከሻው ዳንቴል፣ ከኋላው ረጅም ጅራት የሚጎተት። ሄርሜላ ስታውሳት ቬሎውን በሁለት እጇ ይዛ ትንሽ ቆይታ ነው የለቀቀችው። "ዝማሬዬ፣ እንደሰጠሁሽ" አለቻት።  ዝማሬ ከዚያች ቀን ጀምሮ እየባነነች ትነሳ ነበር፤ በሕልሟ ቬሎው ላይ አንዴ ወጥ ይፈሳል፣ አንዴ ላም ይተኛበታል።

የሰርጉ ሳምንት እትዬ ጤናዬ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

"ቬሎው የት ነው ያለው?"

"እትዬ ጤናዬ፣ ሰርጉ እኮ እኛ አዳራሽ ነው። ጎፋ።"

"ሰምቻለሁ።"

"የጽዋ ማኅበርተኞችዎ ቅር እንዳይላቸው ብዬ ነው። አባባም..."

"እኔ ለሃይማኖት አልሄድም" አሉ እትዬ ጤናዬ፣ እያማተቡ። "የምሄደው ለቬሎው ነው። እበሩ ድረስ አደርሰዋለሁ፤ ከበሩ ወዲያ እናንተው ታውቃላችሁ።"

ሰርጉ ሚያዝያ ውስጥ ነበር። ከዋዜማው ጀምሮ ሰማዩ አኩርፎ ዋለ፤ ሌሊቱን አወረደው። ዝማሬ የቆርቆሮውን ድምፅ እያዳመጠች ነጋባት። ጎህ ሲቀድ በሩን ከፍታ ስታይ ከግቢያቸው እስከ ኮረኮንቹ መንገድ ያለው ጠባብ ስርጥ ጥቁር ገንፎ ሆኗል። 

እትዬ ጤናዬ ደረሱ። ደረታቸው ላይ መርፌ ቁልፍ እንደ ኒሻን ደርድረዋል፤ በቦርሳቸው ነጭ ክር፣ ሳሙና፣ አሮጌ አንሶላና ከትምህርት ቤት ዘመን የተረፈ ጠመኔ ይዘዋል። ጭቃውን አዩ፤ ምንም አላሉም። ይህ ዝምታቸው ዝማሬን ከዝናቡ የበለጠ አስፈራት።

አለበሷት። አንሶላ መካከል አቁመው ከላይ ወደ ታች አጠለቁላት፤ ዓይነ ርግቡን ሰኩላት፤ ከዚያ ትእዛዝ ጀመሩ። "አትደገፊ። አትጎንበሺ። እጅሽን ወገብሽ ላይ አታድርጊ፤ ያልበዋል።"

"እትዬ ጤናዬ፣ ትንሽ መቀመጥ እችላለሁ?"

"ስትጨርሺ ትቀመጫለሽ።"

"ምኑን ስጨርስ?"

"ሰርጉን።"

ለመውጣት የወላጆቿን ጉልበት መሳም ነበረባት። ሳሎኑ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ አቶ ግዛው ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ዝማሬ ሙሉ ልብሱን ስታይ ልቧ ዘለለ። ወዲያው ግን ከሰዓት በኋላ እንግዳ እንደሚቀበሉ ትዝ አላትና ልቧ ወደ ቦታው ተመለሰ። ልትንበረከክ ዝቅ ስትል እትዬ ጤናዬ ከኋላ ጮኹ።

"ቄጠማው! አረንጓዴ ነገር በምንም አይለቅም! ይነሳ!"

"የሰርጌን ጉዝጓዝ?" አሉ አቶ ግዛው ተቆጥተው።

"የሰርግዎን አላልኩም፤ ይቺ የምትንበረከክበትን ያህል ብቻ።"

ቄጠማው ተጠረገ፤ አንሶላ ተነጠፈ። ዝማሬ ተንበርክካ የአባቷን ጉልበት ሳመች። ቀና ብላ አየቻቸው፤ በአፏ ያልጠየቀችውን በዓይኗ ጠየቀቻቸው። አቶ ግዛው መስኮቱን አዩ።

"መንገዱ ጭቃ ነው" አሉ። "ቀስ በሉ።"

 ዝማሬ ተነስታ በር ላይ ስትደርስ እትዬ ጤናዬ በምን ጫማ ጭቃውን እንደምታልፍ ከማሚቴ ጋር ይከራከሩ ነበር። ነጩ ጫማ አይሆንም፤ የማሚቴ ጠበባት፤ የእትዬ ጤናዬ ሰፋት። በዚህ መካከል አቶ ግዛው ወደ ጓዳ ገቡ፤ የራሳቸውን የጎማ ቦት ጫማ ይዘው ወጡ። በጨርቅ ጠርገውታል። እግሯ አጠገብ አስቀመጡትና ፊታቸውን ሳያሳዩ ወደ ዳሱ ሄዱ።

ዝማሬ በአባቷ ቦት ጫማ ወጣች። ቬሎው እስከ ጉልበቷ ተሰብስቦ በአንሶላ ታስሯል፤ ከላይ ላስቲክ ለብሷል፤ ነጭ ጫማዋ በፌስታል ሆኖ በሚዜዋ በማርቲ እጅ ነው። ከአንድ ወገን ማርቲ፣ ከሌላው እትዬ ጤናዬ ደግፈዋት ስርጡን ያዙ። በየርምጃው ጭቃው ጫማውን ያዝ፣ ለቀቅ ያደርገዋል። የሰፈሩ ሰው በየአጥሩ ላይ ወጥቶ እልል ይላል፤ እትዬ ጤናዬ ደግሞ በየአጥሩ፣ "ውሃ እንዳትደፉ! ውሻ ያዙ! ውሻ ያዙልኝ!" ይላሉ።

ኮረኮንቹ ላይ በሪባን ያሸበረቀ ነጭ ፔጆ ቆሟል። ሹፌሩ ሮበሌ የኤልዳድ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ሙሽራዋን ሲያይ በሩን ሊከፍትላት ሮጠ።

"እጅ!"

ሮበሌ ዘረጋ። አንደኛው መዳፉ ላይ ግሪስ ነበር። ሳሙና ተሰጠው፤ ከራዲያተሩ ጀሪካን ውሃ ተቀዳለት፤ ታጠበ። ሁለተኛ ፍተሻ አለፈ። ከዚያ በኋላ ቬሎው መኪና ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ትምህርት ተሰጠ። ሙሽራ ቬሎዋ ላይ አትቀመጥም፤ ከኋላ ተነስቶ በዙሪያዋ ይበተናል። ላስቲኩ ወልቆ፣ አንሶላው ላላ ተደርጎ እንደተባለው ተደረገ። ከውስጥ ያለው የሽቦ ቀለበት ግን ዝማሬ ስትቀመጥ ከፊቷ ተነስቶ አገጯ ሥር ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ከነጭ ጨርቅ በስተቀር የምታየው ነገር አልነበረም። ማርቲ አበባውንና ጫማውን ታቅፋ ከፊት፣ እትዬ ጤናዬ ከዝማሬ ጎን ተቀመጡ።

"ጉድጓድ ሲመጣ ቀድመህ ንገረኝ" አሉት ሮበሌን።

"እማማ፣ እዚህ መንገድ ላይ ጉድጓድ ያልሆነውን ብነግርዎት ይቀላል።"

መኪናው ወደ ላፍቶ አቅጣጫ መንፏቀቅ ጀመረ። በዘለለ ቁጥር ዝማሬ ሆዷን ትይዛለች፤ እትዬ ጤናዬ ቬሎውን ይይዛሉ። በዝማሬ በኩል ያለው መስኮት እንደማይዘጋ ያወቁት ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ነው። ከፊታቸው ድንጋይ የጫነ ገልባጭ መኪና ውሃውን በሁለት በኩል እየሰነጠቀ ይመጣል።

"መስኮቱን! መስኮቱን!"

"መዝጊያው የለውም!" አለ ሮበሌ። "ከገዛሁት ጀምሮ የለውም!"

እትዬ ጤናዬ ጥቁር ጃንጥላቸውን አነሱ። በሙሽራዋ ላይ ተሻግረው ጃንጥላውን በመስኮቱ አውጥተው ዘረጉት። ገልባጩ አለፈ፤ ጭቃው ጃንጥላው ላይ እንደ በረዶ ወረደ። ጸጥ ሲል ዝማሬ ዓይኗን ገለጠች። አገጯ ሥር ነጩ ነገር ላይ፣ ልክ መሃል ላይ፣ የምስር ፍሬ የምታህል አንዲት ጥቁር ነጥብ ተቀምጣለች።

 ነጥቧ ውስጥ የሄርሜላ ፊት የታያት መሰላት። እጇን ስታነሳ እትዬ ጤናዬ አንጓዋን ያዙት።

"አትንኪው! እርጥቡ ከተነካ ይበላዋል። እስኪደርቅ ማንም አይተነፍስበትም።"

እንዲህ ሆነው ሄዱ። ማርቲም ዞራ ነጥቧን ታያለች፤ ሮበሌም በመስታወቱ ነጥቧን ያያል። "አንተ መንገዱን እይ!" ሲባል ብቻ ይመለሳል። ነጥቧ ቀስ በቀስ ግራጫ ሆነች። እትዬ ጤናዬ በጥፍራቸው ጫፍ አነሷት፤ ተፈርፍራ ወደቀች፤ ከሥሯ ጥላ ቢጤ ቀረ። ጠመኔያቸውን አውጥተው እንደ ሕፃን ግንባር በቀስታ አሹት። ጥላው ጠፋ። ዝማሬ ከዱቄቱ ታሪክ የተነሳ ጠመኔውን ሲያወጡ ጸሎት ጀምራ ነበር፤ አሁን አሜን አለች።

አሜኑ ሳያልቅ መኪናው ቆመ። ዳገቱ መሃል ናቸው። ሮበሌ ነዳጁን ሲሰጥ የኋላ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፤ መኪናው እንደ በሬ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ሰዓቱ ሄዷል። አዳራሹ ውስጥ ኤልዳድ ቆሞ፣ ሄርሜላ ሰዓቷን እያየች፣ ሰዉ እርስ በርሱ እየተጠያየቀ እንደሚሆን ዝማሬ አሰበች። የሚንሾካሾከው እንኳ ተሰማት፤ "አባቷ ከለከሏት መሰል።"

"ክብደት መቀነስ አለበት" አለ ሮበሌ። "ሙሽራዋም ብትወርድ ነው የሚሻለው።"

ዝማሬ የበሩን እጀታ ፈለገች። "እወርዳለሁ።"

"እግርሽን አንሺ!" አሉ እትዬ ጤናዬ።

"እትዬ፣ ረፈደ እኮ! ቢቆሽሽም ይቆሽሽ!"

"ቢቆሽሽም ይቆሽሽ?" እትዬ ጤናዬ እንደ ተሰደቡ ሰው አዩአት። ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው አጣጠፉትና እጇ ላይ አኖሩት። "ይቺን ያዢልኝ" ብለው ወረዱ።

ለበዓል ብቻ የሚለብሱትን ጥልፍ ቀሚስ ለብሰዋል። ማርቲም ወርዳ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ቆመች። ዝማሬ አንገቷን እስከሚችል አዙራ በኋላው መስታወት አየቻቸው። ሽበታም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሁለት እጃቸውን መኪናው ላይ ተክለው፣ "በማርያም! በይ፣ በማርያም!" እያሉ ይገፋሉ። ጎማው ያለ ምሕረት ጭቃ ይረጫቸዋል። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች እቃቸውን አስቀምጠው ተጨመሩ። መኪናው አጓራ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ድንገት ወደ ላይ ተፈናጠረ። ዝማሬ ዞራ ስታይ ቅድም የነበሩት እትዬ ጤናዬ የሉም፤ በቦታቸው ዓይንና ጥርስ ያለው ጭቃ ቆሟል።

መኪናው ዳገቱ ላይ ጠበቃቸው። በሩን ሲከፍቱላቸው ወደ ኋላ ተራመዱ።

"እኔ እሷ ጎን አልቀመጥም። አበላሸዋለሁ።"

ማርቲ ወደ ኋላ ሄደች፤ እትዬ ጤናዬ ላስቲክ ተነጥፎላቸው ከፊት ተቀመጡ።  ዝማሬ እጇ ላይ ያለውን ንጹሕ ነጠላ አየች፤ ከዚያ እግሯ ላይ ያለውን የአባቷን ቦት ጫማ አሰበች። አፍንጫዋን ሳብ ሳብ አደረገች።

እትዬ ጤናዬ ሳይዞሩ ሰሙ። "እንዳታለቅሺ። ኩሉ ነጩ ላይ ከወረደ..." አሉና አቋረጡ።  ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ "እሺ አልቅሺ" አሉ። "ግን ፊትሽን ወደ መስኮቱ አውጥተሽ።"

ዝማሬ ክፍት በሆነው መስኮት ራሷን አውጥታ እስከ ላፍቶ ድረስ ያለ ከልካይ አለቀሰች። በመንገድ ያሉ ሰዎች ሙሽራ ስታለቅስ ማየት ብርቃቸው አይደለምና እልል አሉላት።

ጎፋ ሲደርሱ የአዳራሹ ግቢ በሰው ጫማ ተቦክቷል። ዝማሬ ቦት ጫማውን አውልቃ ነጩን አደረገች፤ አንሶላው ተፈታ፤ ቬሎው ወረደና ቦታ ቦታውን ያዘ። እትዬ ጤናዬ በቧንቧ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው ጅራቱን ከኋላ አነሱ። ሄርሜላ በር ላይ ትጠብቅ ነበር። ሰላም ከማለቷ በፊት ዓይኗ ከትከሻው እስከ ጫፉ ወረደ፤ በግራ ዞረች፣ በቀኝ ዞረች። ዝማሬ እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ ቆመች።

"ንጹሕ ነው!" አለች ሄርሜላ፣ እንደ መደንገጥ ብላ። ከዚያ ከኋላ የቆመውን ጭቃ አየች። "እኚህስ ማን ናቸው?"

"የቬሎው ነኝ" አሉ እትዬ ጤናዬ።

የአዳራሹ በር ተከፈተ። ውስጡ ጢም ብሏል፤ መዘምራኑ ተነስተዋል፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ በሩ መልሷል። መሃል ለመሃል ያለው መተላለፊያ ሲሚንቶ ነው፤ በእንግዳው ጫማ ርሶ ጠቁሯል። ከወዲያኛው ጫፍ ኤልዳድ ከፓስተሩ አጠገብ ቆሟል፤ ከዚህ ሲታይ ትንሽ ነው።

"በይ ግቢ" አለች ሄርሜላ።

"ማርቲ፣ ነይ ተቀበይኝ" አሉ እትዬ ጤናዬ ከደጃፉ ወዲህ ቆመው። "ከፍ አድርገሽ ያዢው። ወለሉን እያየሽ ሂጂ፤ ሙሽራዋን እንዳታይ።"

ዝማሬ አንድ እግሯን አነሳች። ሌላው አልከተላትም። ዘመድ የሚቀመጥበትን ወገን አየች፤ ሥራ ቦታ የምታውቃቸው ነርሶች አሉ፤ ከቤቷ ሰው የለም። ጠዋቱን ሙሉ ጭቃ ስትፈራ ቆይታ አሁን የያዛት ጭቃ አልነበረም። ልትመለስ አትችልም፤ ወደ ፊትም አልሆነላትም። መዘምራኑ መዝሙሩን ጨርሰው ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ከኋላዋ እትዬ ጤናዬ እንደ ወትሯቸው ጫፉን እያዩ ነበር። ጫፉ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዝማሬ ጅራቱን የያዘው እጅ ሲላላ ተሰማት። ከዚያ ጨርቁ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ሲያርፍ ሰማች። ጭቃ የደረቀበት ሸካራ እጅጌ በክንዷ ሥር ገባ፤ ቀጥሎ ጠንካራ እጅ ክርኗን ጨበጠ።

"እትዬ ጤናዬ፣ ጅራቱ!"

"ይጎተት።"

"ክንዴም ነካ እኮ፤ ጭቃው..."

"ይንካው።"

"እርስዎ ደግሞ እበሩ ድረስ ነበር ያሉት። ማኅበሩ ምን ይላል?"

"ማኅበሩን ለኔ ተይው። አንቺ ቀና በይ።"

ያን ሁሉ ጉባኤ ፊት ለፊት እያዩ ከግንባራቸው እስከ ደረታቸው ሰፋ አድርገው አማተቡ። ደጃፉን በቀኝ እግራቸው ተሻገሩ።

ያ ገቢያ በኋላ ብዙ አናግሯል። ሄርሜላ ቬሎውን ስትረከብ ለሳምንት ያህል አኩርፋለች። ማኅበርተኞቹ እትዬ ጤናዬን መሃል አስቀምጠው "ምን ነካሽ?" ብለዋቸዋል፤ እሳቸውም "ልጅቷ ብቻዋን ነበረች" አሉ። አቶ ግዛው ከሰዓት በኋላ ዳሱ ውስጥ ነገሩን ከማርቲ ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ተነስተው እትዬ ጤናዬን በገዛ ወንበራቸው አስቀምጠው ራሳቸው እንደ አስተናጋጅ ቆመው ዋሉ።

ያን ሰዓት ግን ይህ ሁሉ አልመጣም። ከጭቃ የተሠራች የምትመስል አሮጊትና አንዲት ነጭ ሙሽራ ክንድ ለክንድ ተያይዘው መተላለፊያውን ያዙ። ሰዉ ተነሳ። ዝማሬ እርምጃዋ ሲረጋ ተሰማት፤ ኤልዳድም እየቀረበ ሲመጣ ትልቅ ሆነ። ከኋላቸው ዳንቴሉ የእንግዳውን ሁሉ ጫማ ጭቃ እየጠረገ፣ ከዳር እስከ ዳር እየጠቆረ ይከተላቸው ነበር።

እትዬ ጤናዬ አንዴም ዞር ብለው አላዩም።